ማሽኑ እንዳይታዘበን

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ አንድ አበሻ ቤት ገብታችሁ ከወጥ ቤቱ ገንዳ አጠገብ ያለውን ዲሽዋሸር ብትከፍቱ ከሦስት ነገሮች አንዱን ታገኛላችሁ። ወይ ብረት ድስትና መጥበሻ ታጭቆበት ቁም ሳጥን ሆኗል፤ ወይ በእጅ የታጠበ ሰሃን ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ተደግፎበታል፤ ወይ ደግሞ በእጅ ታጥቦ የጠራ ዕቃ እንደ ገና ሊታጠብ ተሰልፎበታል። «ማሽን እንጠቀማለን» የሚሉት እነዚህ ሦስተኛዎቹ ናቸው።

ከነሱ አንዷ፣ ባልትናዋ የተመሰከረላት ወዳጃችን፣ እራት በልተን ስናበቃ ሰሃኖቹን በስፖንጅና በሳሙና አሸት አሸት አድርጋ፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቃ፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አይታ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ማሽኑ ውስጥ ስትደረድር አየሁ። «ታዲያ ለእሱ ምን ቀረለት?» ብላት ገላመጠችኝ።

«ምነው ጋሼ! ሽሮ የደረቀበት ሰሃን እንዴት አድርጌ ልስጠው? ምን ይለናል?»

ይሉኝታችን ለሰው በቅቶ ለማሽንም ተረፈ ማለት ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ይህችው ሴት የዲሽዋሸር ሳሙና ጉዳይ ሲነሣ ተከራክራ የማትረታ ናት። የትኛው ስብ እንደሚያነሣ፣ የትኛው ብርጭቆ እንደሚያደበዝዝ፣ የትኛው «ፈዞ እንደ ቀረ» በስም ጠርታ ትመሰክራለች። ሳሙናው እሷ ቤት ከገባ ጀምሮ አንድ የቆሸሸ ሰሃን ዐይቶ አያውቅም። ያልዘመተን ወታደር ጀግና ነው ፈሪ ነው ብሎ መፍረድ እንዲህ ነው።

ሳሙናው የሚሸጥበትን መደርደሪያ ያየ ያውቀዋል። ዱቄቱ ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ጎንበስ ለሚል ሰው ተቀምጧል። ዝልግልጉ ፈሳሽ ከሱ ከፍ ይላል። በዐይን ትክክል ያለው ቦታ ግን በሙሉ የታብሌቱ ነው፤ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቀይ፣ ልጅ ከረሜላ መስሎት እንዳይጎርሰው ማስጠንቀቂያ የታተመበት። ማዕረጉ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ካስኬድ «ኮምፕሊት» የሚባለውን ካወጣ በኋላ ፕላቲነም አመጣ፤ በፕላቲነሙ ላይ ደግሞ ፕላስ ጨመረበት። ፊኒሽም ከኳንተም አልፎ አልቲሜት ላይ ደርሷል። ከዚህ በላይ ምን ሊሉት እንደሚችሉ እኔም ለማየት ጓጉቻለሁ።

እዚያ መደርደሪያ ፊት የሚቆመውን የእኛን ሰው መታዘብ ደስ ይላል። መለያ ወረቀቱን አያነብም፤ ዋጋውን ነው የሚያነበው። ርካሹን አንሥቶ ይመልሰዋል፤ ውዱን አንሥቶ ይተክዛል፤ በመጨረሻ ውዱን ይዞ ይሄዳል። ምክንያቱን ብትጠይቁት «ርካሽ ነገር ያዋርዳል» ይላል። ማን ፊት ነው የሚያዋርደው? ሳሙናው የሚቀመጠው ከገንዳው ሥር፣ ከቆሻሻ ላስቲኩና ከበረኪናው አጠገብ ነው። እዚያ ድረስ ጎንበስ ብሎ የሚያይ እንግዳ አለ ከተባለ በእውነት የሚያስፈራው እሱ ነው።

ታብሌቱ ቤት ከገባም በኋላ ጣጣ አለው። አንድ የተከበሩ አባት፣ ልጃቸው ሥራ ስትሄድ እሳቸው ማሽኑን የማስነሣት ኃላፊነት ተሰጥቷቸው፣ እያንዳንዱን ታብሌት በመቀስ እየተረተሩ ልብሱን አውልቀው ይጨምሩ ነበር። «ከነላስቲኩ እንዴት ይሆናል?» ባይ ናቸው። ላስቲክ የመሰላቸው ስስ ሽፋን ፖሊቪኒል አልኮሆል ይባላል፤ ውሃ ሲነካው ራሱ ይሟሟል። ሌሎች ደግሞ ክዳን ያላትን ትንሽ ማኅደር ትተው ታብሌቱን ወለሉ ላይ ወርውረው ይዘጋሉ። ማሽኑ መጀመሪያ ላይ ዕቃውን በውሃ ብቻ ረጨት ረጨት አድርጎ ያንን ውሃ ወደ ፍሳሽ ይለቀዋል፤ ወለሉ ላይ የተጣለው ሳሙናም አብሮ ይሄዳል። ክዳኗ የምትከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ የሚያደርጉትም ቢሆኑ ሰሃኑ ሳይጠራ ሲወጣ ሳሙናውን ይረግማሉ፤ በሚቀጥለው ወር ከሱ አንድ ማዕረግ ከፍ ያለውን ገዝተው ወለሉ ላይ ይጥላሉ።

ማሽኑን በሥርዓት ሠርታ ለገበያ ያበቃችው ጆሴፊን ኮክራን የምትባል ሴት ናት፤ በኢሊኖይ ግዛት የሸልቢቪል ነዋሪ። እንግዳ የሚያዘወትረው ቤት እመቤት ነበረች፤ ለዚህ ያደረሳትም እልህ ነው። ሠራተኞች የሚያምረውን የሸክላ ሰሃኗን ሲያጥቡ ጠርዙን እየሸራረፉ አስቸገሯት። ባሏ ሞቶ ዕዳ ሲተውላት እልሁ ወደ ንግድ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1886 የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች። በ1893 በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ማሽኗ ታየ፤ ገዢዎቹ ግን ሆቴልና ምግብ ቤት ሆኑ። እመቤቶቹ ገና ብዙ ዓመት ቆዩ፤ ዋጋው ከበዳቸው፣ በየቤቱም ያን ያህል ሙቅ ውሃ አልነበረም። ሴትዮዋ ማሽኑን የሠራችው ሰሃኗ በሰው እጅ እንዳይሰበር ነው፤ የእኛ እመቤቶች ደግሞ ጥሩ ሰሃናቸውን ለማሽኑ የማይሰጡት «ይሰብረዋል» ብለው ነው።

ወደ ሽሮው ልመለስ። ዛሬ የሚሸጠው ሳሙና ከድሮው የሚለይበት አንዱ ነገር ኢንዛይሙ ነው። አንደኛው ዓይነት ፕሮቲን ይቆርጣል፣ ሌላው ስታርች ይቆርጣል። ሽሮ ምንድን ነው? አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፤ ፕሮቲንና ስታርች። እንጀራውስ? ስታርች። ከሰሃን ጋር ተጋግሮ የደረቀ የሽሮ ቅሪት ለነዚህ ኢንዛይሞች ሠርግ ነው። እኛ ግን ድግሱን አስቀድመን በስፖንጅ ጠርገን፣ ኢንዛይሙን ባዶ ሰሃን ላይ እንጋብዘዋለን።

ከዚህ የባሰም አለ። አዳዲሶቹ ማሽኖች የእጣቢውን ድፍርስነት የሚለካ ዐይን ተገጥሞላቸዋል። ውሃው ደፍርሶ ሲያገኘው ሥራውን ያረዝማል፤ ጥርት ብሎ ሲያገኘው እዚህ ቤት ሥራ የለም ብሎ ቶሎ ይጨርሳል። ሰሃኑን አጥበን፣ በሹካው ጥርስ መካከል የቀረችውን የክትፎ ቅቤ ረስተን ስናስገባለት ማሽኑ ያምነናል። አምኖን ቅቤዋን ከነሹካው ይመልስልናል። ያኔ «አየህ? ማሽን አያጥብም!» ይባላል።

የውሃውንም ሒሳብ ላንሣው፤ ለቁጠባ ስንል በእጅ እናጥባለን የሚል ብዙ ነውና። ኢነርጂ ስታር የሚል ምልክት ያለው አዲስ ዲሽዋሸር በአንድ ዙር የሚጠቀመው 12 ሊትር ያህል ውሃ ነው። አሜሪካ ውስጥ የወጥ ቤት ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በደቂቃ እስከ 8 ሊትር ያወርዳል። እንግዲህ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ስልኩን በትከሻና በጆሮ መካከል ይዞ፣ አዲስ አበባ ካለችው እህት ጋር ወሬ እየጠረቀ ዕቃ «ቶሎ ለቅለቅ» የሚያደርግ ሰው ስንት ማሽን ሙሉ ውሃ እንደሚያፈስ እናንተው አስሉት። እኔ የማውቃቸው እህቶች ወሬ አጭር አይደለም።

አውሮፓውያኑ ማሽንና ሳሙና የሚፈትኑበት መደበኛ ዘዴ አላቸው። ሰሃኖቹን ሆን ብለው ያቆሽሹና ያደርቁታል፤ የሚቀቡት ወተት፣ ሻይ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ የዕንቁላል አስኳል፣ አጃ፣ ስፒናችና ማርጋሪን ነው። እኔ ይህን ዝርዝር ሳይ ቅሬታ ይሰማኛል። ድስት ሥር የያዘ ገንፎ የለበትም፤ ቁሌት የለበትም፤ ከማግስቱ ቁርስ በኋላ እንደ ገና የሞቀ የዶሮ ወጥ የለበትም። የሳሙናው መለያ «በጣም ግትር የሆነ እድፍ» ሲል ስፒናች ማለቱ ከሆነ እኛ ቤት ሳይመጣ ነው የተናገረው።

እርግጥ ማንም ሳሙና የማይረታው አለ። አልጫ የተቀመጠበት የፕላስቲክ ዕቃ ከእርዱ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ የወጡ ቀይ ቀለም ዘይት ውስጥ ስለሚሟሟ ከዘይቱ ጋር ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ለቀዩ ከመታገሥ ሌላ መላ አላውቅም። ለእርዱ ግን ያ ሁሉ ፕላቲነም ከሚያደርግለት ይልቅ ግማሽ ቀን ጸሐይ ላይ ማስጣት ይሻለዋል፤ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። እናቶቻችን ዕቃ አጥበው ጸሐይ ላይ የሚደፉት ለካ ለማድረቅ ብቻ አልነበረም።

እናት ካነሣሁ፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ከማሽኑ ጋር ያደረጉትን ትውውቅ ሳልናገር አላልፍም። ልጅቱ ኩራት እየተሰማት አሠራሩን ስታስረዳ፣ ከታች የተጠራቀመውን ያንኑ ውሃ ፓምፑ ደጋግሞ ወደ ላይ እየረጨ እንደሚያጥብ ነገረቻቸው።

«ያንኑ ውሃ?» አሉ።

«አዎ እማዬ፣ ለዚህ ነው ውሃ የማያባክነው።»

«እጣቢውን ነው መልሶ የሚረጨው?»

«በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቀልቀዋል እኮ!»

«ተይኝ እስቲ። የክትፎው ሰሃን ከጾሙ ድስት ጋር በአንድ እጣቢ ታጥቦ፣ ነገ ረቡዕ ነው፣ እኔ በዚያ ልበላ?»

ልጅቱ ምንም መልስ አልነበራትም፤ መሐንዲስ ብትሆንም። የሳሙናው ማሸጊያም ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። እስራኤል ውስጥ የሥጋና የወተት ዕቃ ስለማይቀላቀል አንዳንድ አጥባቂ ቤቶች ሁለት ዲሽዋሸር ያስገባሉ። ለፍስክ አንድ፣ ለጾም አንድ የሚል ነጋዴ እስካሁን አለመነሣቱ ይገርመኛል፤ በዓመት ውስጥ የጾሙ ማሽን ሥራ አይፈታም ነበር።

እኒህ እናት ሌላም ፈተና አላቸው። ብርጭቆ የሚፈትኑት በዐይን አይደለም፣ በአፍንጫ ነው። ማስታወቂያው ብርጭቆውን ወደ መስኮት አንሥቶ ጥርት ማለቱን ያሳያል፤ እሳቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «ዕንቁላል ዕንቁላል ይላል» ብለው ይመልሱታል። ከዚህ ፍርድ በኋላ ይግባኝ የለም። ልጅቱ ለዚህ ብላ የሎሚ ሽታ ያለውን ሳሙና ገዛች። በማግስቱ ከዚያው ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ፊታቸውን ቅጭም አደረጉ፤ «ሳሙና ሳሙና ይላል።» ሽታ የሌለውን ገዛች። «ይሄማ ምኑ ታጠበ?» ተባለ። ይህን ፈተና ያለፈ ኩባንያ የለም፤ ሊያልፍም የሚችል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ትልቁ ክስ እንምጣ፤ ብርጭቆ ላይ እንደ ጉም ተጋርዶ የሚቀረው ነጭ ነገር። ይህን የሚያወግዙ ሰዎች ሁሉ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላሉ። ስለ ድሮ ከሚነገሩ ነገሮች እውነት የሆነው ይኼ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ድሮ ሳሙናው ውስጥ ፎስፌት ነበር። ፎስፌት በውሃ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ጠፍሮ ይይዝና ከእጣቢው ጋር ይዞት ይወርዳል፤ ብርጭቆ ላይ የሚያርፍ ነገር አይቀርም። ችግሩ የሚወርድበት ቦታ ነው። ሐይቅና ወንዝ ሲደርስ ለአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል፤ አልጌው ይፋፋል፣ ሲሞት ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣው ያልቃል። ጣናን የወረረው እምቦጭ የሚፋፋውም በዚሁ ዓይነት ምግብ ነው፤ ወደ ጣና የሚገባው ግን ከእርሻና ከከተማ ፍሳሽ እንጂ ከዲሽዋሸር አይደለም። በዚህ ረገድ ባሕር ዳር ንጹሕ ናት።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2010 ጀምሮ ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ 16 የአሜሪካ ግዛቶች በዲሽዋሸር ሳሙና ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከሉ። ኩባንያዎቹ ለየግዛቱ የተለየ ሳሙና ከመሥራት ለሁሉም ቀየሩት። የአውሮፓ ኅብረትም በ2017 ተከተለ። ለውጡ ብዙም ሳይነገር ነው የመጣው፤ ሰው የሚገዛው ካርቶን ያው፣ ስሙ ያው፣ ብርጭቆው ግን ደበዘዘ። ስንቱ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ሠራተኛ ጠራ፣ ስንቱ አዲስ ማሽን ገዛ! ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 እገዳውን የጀመረው በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የስፖኬን አውራጃ ነበር፤ እዚያ ነዋሪዎች መኪና እያስነሡ ድንበር ተሻግረው አይዳሆ ድረስ ሳሙና ለመግዛት ይሄዱ ነበር። የኮንትሮባንድ ወሬ የለመድነው በጫት፣ በስኳርና በልባሽ ጨርቅ ነው፤ የሠለጠነው ዓለም ለዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ኬላ ሲያልፍ ማየት ግን ልብ ያሳርፋል።

ስለዚህ ያ ነጭ ነገር ሳሙናው የተወው ሳይሆን ውሃው ይዞት የመጣው ነው፤ ሻይ ስታፈሉ ማንቆርቆሪያው ሥር የሚጋገረው ያው ድንጋይ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ብርጭቆውን አቼቶ ውስጥ ጥቂት ይዘፍዝፈው። ከለቀቀ ጥፋቱ የውሃው ነው። ካልለቀቀ ደግሞ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል፤ ይህ የሚሆነው በተቃራኒው ውሃው ማዕድን የሌለበት ሆኖ ሳሙናው ሲበዛበትና ሙቀቱ ሲያይል ነው፤ መድኃኒትም የለውም። ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ሕመሞች መልካቸው አንድ፣ መከላከያቸው ተቃራኒ ነው፤ የእኛ ሐኪሞች ግን ለሁለቱም አንድ ትእዛዝ አላቸው። «ሳሙና ጨምሪበት!»

ጀርመን ወይም እንግሊዝ ያሉት ወገኖቻችን ማሽናቸው የጨው ጉድጓድ አለው፤ ውሃውን አስቀድሞ የሚያለሰልሰው እሱ ነው፤ በአሜሪካ ማሽኖች ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለዚህ የሚሸጠው ጨው ጎላ ጎላ ያለና ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ነው። አንድ የለንደን ወዳጄ ግን ጨው ጨው ነው ብሎ የወጥ ጨው ሞላበት፤ የወጡ ጨው ደግሞ እንዳይጋገር የሚጨመርበት ነገር ስላለ ጉድጓዱን ይደፍነዋል። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን የሚወቅሰው «ጨው በዛበት» እያለ ነው።

ሳሙና አለቀ ሲባል የሚደረገውንስ? ገንዳው ላይ የተቀመጠችው የእጅ ዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ አገር ቤት በጅምላ ላርጎ የምንላት፣ «ያው ሳሙና አይደለች?» ተብላ ማሽኑ ውስጥ ትንቆረቆራለች። አይደለችም። እሷ አረፋ እንድታወጣ የተሠራች ናት፤ የማሽኑ ሳሙና ደግሞ አረፋ እንዳያወጣ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ያየ አይረሳውም፤ በበሩ ጠርዝ ነጭ አረፋ ትንፍስ እያለ ይወጣል፣ ወለሉን ይሞላል፣ ምንጣፉ ዘንድ ይደርሳል። ባል ፎጣ ያመጣል፣ ሚስት አንሶላ ታመጣለች፣ ልጆች በደስታ ይዘላሉ። እንደዚያን ቀን የወጥ ቤቱ ወለል ጸድቶ አያውቅም።

ደግሞ የሰው ብዛት ያለበት ቀን አለ፤ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የማኅበር ተራ። ማሽን የተፈጠረው ለዚህ ቀን ነው ትላላችሁ። በዚህ ቀን ግን ከጅምላ መደብር የወረቀት ሰሃንና የፕላስቲክ ሹካ በካርቶን ይገዛል። ማሽኑ ውስጡ የተቀመጡትን ድስቶች እንደ ያዘ ተረስቶ ይውላል። ማታ ላይ የቀሩትን ጭልፋና ብረት ድስት ለማጠብ አራት ሴቶች ገንዳው ላይ ይሻማሉ። «ተይ እኔ ነኝ የማጥበው!» «ኧረ በሞቴ ቁጭ በይ!» የቤቱ እመቤት ከኋላ ሆና «ማሽን አለ እኮ» ትላለች፤ ሁሉም ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች። አልፈርድባቸውም። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ የሚጣራው እዚያ ገንዳ ላይ ነው፤ ማሽኑ ዕቃ ቢያጥብ እንኳ ወሬ አያጣራም።

እንግዲህ የቱን እንግዛ የሚለኝ ካለ፣ እኔ ለዱቄቱ አደላለሁ፤ ለዚያ ወለል አጠገብ ላለው። የዱቄቱ ዋና አካል ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ የአያቶቻችን አመድ ውስጥ ያለው ደግሞ ወንድሙ ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። አመድ ስብ የሚያነሣው በዚህ ነው። የጠላውን ጋን በግራዋ ቅጠል ፈትገው፣ የወተቱን ዕቃ በወይራ አጥነው፣ ድስቱን በአመድ አሽተው የኖሩት ሰዎች አንድም መለያ ወረቀት ሳያነቡ ለየዕቃው የሚገባውን መርጠው ነበር። ዱቄቱን ከታብሌቱ የምመርጥበት ሌላው ምክንያት መጠኑን መቀነስና መጨመር ስለሚቻል ነው፤ ታብሌት ግን ለጥቂት ሲኒም ለሞላ ማሽንም ያው አንድ ነው። ኢንዛይም ያለበት መሆኑን ብቻ እዩ፤ የተቀረው ማዕረግ ነው። የተረፈውን ገንዘብ ማለቅለቂያ ፈሳሽ ግዙበት፤ ውሃው ጠብታ ሆኖ እንዳይደርቅ ተንሸራቶ እንዲወርድ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ብርጭቆ ላይ ለሚታየው ነጥብ ከማንኛውም ፕላቲነም ይልቅ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ማሽኑን ከማስነሣታችሁ በፊት የገንዳውን ቧንቧ እስኪሞቅ ክፈቱት፤ ከአንድ መስመር ነው የሚቀዱት፣ ቅቤም በቀዝቃዛ ውሃ አይሄድም። የሰሃኑን ትርፍራፊ ወደ ቆሻሻው አራግፉ፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ጀበናውን፣ ሸክላ ድስቱንና የወርቅ ቀለበት ያለውን ሲኒ ግን በጭራሽ እንዳታስገቡ፤ እዚህ ላይ እናቶቻችን ትክክል ናቸው።

ውሃችሁ ምን ያህል ማዕድን እንዳለበት የማወቅ ፍላጎት ካላችሁ፣ አሜሪካ ያለ የውሃ ድርጅት ሁሉ ስለሚያቀርበው ውሃ ጥራት በየዓመቱ እስከ ጁላይ 1 ለደንበኞቹ ሪፖርት የማድረስ ግዴታ አለበት። የማዕድኑን መጠን ሪፖርቱ ላይ ካጣችሁት ስልክ ደውላችሁ ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ሪፖርቱ ወይ በፖስታ ይመጣል፣ ወይ ቢሉ ላይ አድራሻው ይጻፋል። በአብዛኛው የእኛ ቤት የሚሆነውን አይቻለሁ፤ ከሱ ጋር የመጣው የሳሙና ቅናሽ ኩፖን ተቀዶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፋል፣ ሪፖርቱ ሳይከፈት ይጣላል። የዘንድሮውን እባካችሁ ክፈቱት።